አውሮፕላን በውጪ ገላው ሲነበብ

ዘመድ ለመቀበል ወይም ለመሸኘት ኤርፖርት የሚሄድ ሰው ዓይኑ ያለው ከበሩ ላይ ነው። የሻንጣው ኪሎ በዛ አልበዛ፣ እንግዳው ወጣ አልወጣ፤ ጭንቀቱ ይህ ነው። እንግዳውን ያመጣው አውሮፕላን ስንት ጎማ እንዳለው፣ የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ ይቅና ወይም ወደ ኋላ ይሽሽ ልብ የሚል ብዙ ሰው የለም።

ከአጥሩ ማዶ ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ቆመዋል። በአንገታቸው የርቀት መነጽር፣ በትከሻቸው ካሜራ፣ በኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር ይዘው፣ ብርድና ፀሐይ ሳይበግራቸው የሚነሣውንና የሚያርፈውን አውሮፕላን ሁሉ ይመዘግባሉ። እንግሊዞች «ስፖተር» ይሏቸዋል፤ በአማርኛ አውሮፕላን አፍቃሪዎች ብንላቸው ይስማማቸዋል። ለንደን ሂትሮው አጠገብ ሚርትል አቬኑ የተባለው መንገድ፣ ዋሽንግተን ከሬገን ኤርፖርት ጎን ያለው ግራቭሊ ፖይንት የተባለው መናፈሻ የታወቁ መሰብሰቢያዎቻቸው ናቸው። ከደለስ ኤርፖርት አጠገብ የሚገኘው የስሚዝሶንያን የአየርና የኅዋ ሙዚየም ቅርንጫፍም ማኮብኮቢያውን የሚያሳይ ማማ አለው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውሮፕላን በሩቅ ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ የአካባቢው ነዋሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ ወሬያቸው ስለ ብሎን፣ ስለ አንቴና፣ ስለ ቀለምና ስለ ቀዳዳ ነው። መንገደኛው ሲሰማቸው «ሥራ ፈት ሁሉ!» ብሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ አውሮፕላንን በውጪ ገላው የማንበብ ልማድ ከጨዋታ የዘለለ ቁም ነገር አለው። ባለፉት ዓመታት የኢትዮጵያን ስም በዓለም ጋዜጦች ፊት ገጽ ላይ ያወጡ ሁለት ከባድ አጋጣሚዎች ከአውሮፕላኑ ውጪ ቆሞ በዓይን ሊታይ ከሚችል ነገር ጋር የተያያዙ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ለጀማሪ አንባቢ በቀላሉ እንጀምር። አውሮፕላን ሁሉ እንደ መኪና ታርጋ የራሱ መለያ አለው። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መለያ የሚጀምረው «ኢቲ» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ የእንግሊዝ በ«ጂ»፣ የአሜሪካ በ«ኤን» ይጀምራል። ቀለም ቢለወጥ፣ ለሌላ አየር መንገድ በኪራይ ቢሰጥ፣ አፍቃሪዎቹ የአውሮፕላኑን የሕይወት ታሪክ የሚከተሉት በዚህ መለያና በፋብሪካው ተከታታይ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ቅርጽ ነው። «ድሪምላይነር» የሚባለውን ቦይንግ 787 ለመለየት ሞተሩን ከኋላ ማየት ይበቃል። የሞተሩ ሽፋን ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጧል። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ከሞተሩ የሚወጣውና በውጪ የሚያልፈው አየር ለስለስ ብለው እንዲቀላቀሉና ጩኸቱ እንዲቀንስ ነው። የአብራሪዎቹ መስኮት አራት ብቻ ነው፤ የክንፉ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ እየቀጠነ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሲበር ደግሞ ክንፉ እንደ ቀስት ወደ ላይ ይለጠጣል። የ787-8ና የ787-9 ልዩነት ቁመት ነው፤ ሁለተኛው በ6 ሜትር ገደማ ይረዝማል።

ኤርባስ 350ን የሚያሳውቀው በአብራሪዎቹ መስኮቶች ዙሪያ ያለው ጥቁር ቀለም ነው፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ይመስላል። የክንፉ ጫፍ እንደ ጎራዴ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሞተሩ ላይ የመጋዝ ጥርስ የለም። ቦይንግ 777 ደግሞ በጎማው ይታወቃል፤ በግራና በቀኝ ዋና እግሮቹ ላይ ስድስት ስድስት ጎማ አለው፤ የጭራው መጨረሻም እንደ ቢላ ጠፍጠፍ ያለ ነው። አንድ ሰው እነዚህን ሦስት አራት ምልክቶች ከያዘ የዓለምን ትልልቅ አውሮፕላኖች ግማሹን ያህል ከአጥር ውጪ ሆኖ ሊለይ ይችላል።

የሂትሮው ቃጠሎና የፎቶግራፉ ክርክር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን ድሪምላይነር የተረከበው በኦገስት 2012 ሲሆን ከጃፓን አየር መንገዶች ውጪ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ደስታው ግን ረጅም ጊዜ አልቆየም። በጃንዋሪ 2013 ቦስተን ኤርፖርት ላይ በቆመ የጃፓን ድሪምላይነር ውስጥ ባትሪ ተቃጠለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌላ የጃፓን አውሮፕላን ላይ ባትሪው ጭስ በማውጣቱ አብራሪዎቹ ታካማትሱ ላይ በአስቸኳይ ለማረፍ ተገደዱ። ወዲያውም በዓለም ዙሪያ ያሉት ድሪምላይነሮች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። ቦይንግ የባትሪውን አሠራር ካሻሻለ በኋላ መንገደኛ ጭኖ መጀመሪያ ወደ አየር የተመለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፤ በኤፕሪል 27 ቀን 2013 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በረረ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ዓርብ ጁላይ 12 ቀን 2013፣ «ንግሥተ ሳባ» የሚል ስም የተሰጠው የኢትዮጵያ ድሪምላይነር ሂትሮው ላይ ተቃጠለ። አውሮፕላኑ በጠዋት ከአዲስ አበባ ገብቶ ከመንገደኞች ሕንፃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል፤ ከ8 ሰዓት በላይ ውስጡ ሰው አልነበረም። ጭሱን መጀመሪያ ያየው በመቆጣጠሪያ ማማ ላይ የነበረ ሠራተኛ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ሲገቡ ውስጡ በጥቁር ጭስ ተሞልቷል፤ እሳቱ ከጣሪያው ሽፋን በላይ ነበር። በእጅ የሚያዘው ማጥፊያ ስላልበገረው የጣሪያውን ሰሌዳ ፈንቅለው በውሃ አጠፉት። ሂትሮው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተዘጋ፤ የቦይንግ የአክሲዮን ዋጋ በዚያው ቀን ወደ 5 በመቶ ገደማ ወረደ።

የቴሌቪዥን ሄሊኮፕተሮች ያሳዩት ምስል ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀለም ከተቀባው ጭራ ፊት ለፊት፣ ከገላው አናት ላይ፣ ቀለሙ ተልጦ ቆዳው የከሰለ ጠባሳ ይታያል። ወዲያው «አሁንም ባትሪው ነው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። እንዲያ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነበር። አውሮፕላኑ እንደገና ሊታገድ ነው፤ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር አዲስ አውሮፕላን ያዘዘው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ዕቅዱ ሊፈርስ ነው፤ በውጪ የሚኖረው ወገንም በዚያ ክረምት ለአገር ቤት ጉዞ የቆረጠው ትኬት አደጋ ላይ ነው።

አውሮፕላን አፍቃሪዎች ግን ፎቶግራፉን ከአውሮፕላኑ ንድፍ ጋር እያስተያዩ ሌላ ነገር ተናገሩ። ድሪምላይነር ሁለት ትልልቅ ባትሪዎች አሉት። አንደኛው ከአፍንጫው ኋላ፣ ሁለተኛው ከክንፉ ኋላ የተቀመጡ ሲሆን፣ ሁለቱም ከመንገደኞች ወለል በታች ናቸው። ጠባሳው ያለው ግን ከላይ፣ ያውም ከሁለቱም ርቆ ከጭራው ሥር ነው። ከወለል በታች የተነሣ እሳት መንገደኛው የሚቀመጥበትን ክፍል ሳይበላ እንዴት ጣሪያውን ብቻ ሊያከስል ይችላል? ይህን ጥያቄ የጠየቁት ሰዎች የምርመራ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ የቃጠሎውን ቦታ በትክክል ማየታቸው ብቻ ነበር። ሁሉም የተናገሩት ልክ ነበር ማለት አይደለም። ከኋላ ያለውን የምግብ ማሞቂያ ክፍል የጠረጠሩም ነበሩ፤ ኋላ እንደታየው ይህ ትክክል አልነበረም።

የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪ ቢሮ በስድስተኛው ቀን ያወጣው መግለጫ ነገሩን ግልጽ አደረገው። ዋናዎቹ ባትሪዎች አልተነኩም። ከጠባሳው ሥር፣ ከጣሪያው ውስጠኛ ክፍል፣ አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚናገር ብርቱካናማ መሣሪያ ተቀምጧል። አንቴናው ከላይ በገላው አናት ላይ ብቅ ያለ ነው። ይህ መሣሪያ የራሱ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ አለው። ቢሮው መሣሪያው በድሪምላይነሮች ላይ እንዳይሠራ እንዲደረግ አሳሰበ። በኦገስት 2015 የወጣው የመጨረሻው ዘገባ እንደሚለው፣ የባትሪው ሽቦዎች ተጣምረው ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር፤ በዚህም ምናልባት ሽቦ ከሽቦ ተገናኝቶ ባትሪው ኃይሉን ያለ ልክ ለቆ ጋለ። እሳቱም ወደ አውሮፕላኑ ቆዳ ተዛመተ። በተመሳሳይ ንድፍ 6 ሺህ ያህል መሣሪያዎች ተሠርተው እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። መርማሪዎቹ አያይዘው የሰጡት ማስጠንቀቂያ ግን የሚያስደነግጥ ነው፤ ይኸው እሳት በአየር ላይ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ለአስተናጋጆቹ ለማጥፋት አስቸጋሪ፣ ለበረራውም አሥጊ በሆነ ነበር።

አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የድሪምላይነር ገላ ከክብደቱ ግማሹ ያህል በካርቦን ክርና በሙጫ የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ሲጋል ይቀልጣል፤ ይህኛው ግን ሙጫው ቀስ እያለ ይነድዳል፤ ክሩ ይከስላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች «አውሮፕላኑ ከእንግዲህ አይጠገንም፤ ይጣላል» ብለው ነበር። ነገር ግን የቦይንግ ሠራተኞች ሂትሮው ድረስ መጥተው የተቃጠለውን ክፍል አስወግደው በአዲስ ተኩት። «ንግሥተ ሳባ» በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወደ አዲስ አበባ በረረች፤ ወደ መደበኛ ሥራዋም ተመለሰች። አፍቃሪዎቹም ደግመው ፎቶግራፍ አነሷት፤ ጠባሳዋን ፍለጋ አጉልተው ተመለከቱ።

ከአፍንጫው ጎን ያለችው ትንሽ ክንፍ

ሁለተኛው ጉዳይ እንደ ሂትሮው ያለ ሰው ጉዳት አላለፈም። ለብዙ ቤተሰብ ዛሬም ያልሻረ ቁስል ነው።

ቦይንግ 737 የዓለም አየር መንገዶች እጅግ የሚሠሩበት ጠባብ አውሮፕላን ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1967 ነው። በዚያን ጊዜ ትንንሽ ኤርፖርቶች መሰላልም ሆነ የዕቃ መጫኛ መኪና ስላልነበራቸው አውሮፕላኑ ለመሬት ቅርብ እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ። ኋላ የመጡት ሞተሮች ግን ወፋፍራም ሆኑ። በክንፉና በመሬቱ መካከል በቂ ቦታ ስላልነበረ የሞተሩ ሽፋን ከሥሩ ጠፍጠፍ እንዲል ተደረገ። የ737ን ሞተር ከፊት ለፊት ያየ ሰው ክብ አለመሆኑን፣ ከታች እንደተደፈጠጠ ድስት መሆኑን ወዲያው ያስተውላል።

ማክስ የተባለው አዲሱ ዓይነት ሲመጣ ሞተሩ ከቀድሞው በጣም ሰፋ። ስለዚህ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፉት፤ የፊተኛውን እግርም አስረዘሙት። ከአጥር ውጪ ለቆመ ሰው የሚታየው ልዩነት ይህ ነው፤ ሞተሩ ከክንፉ ፊት ወጣ ብሎ ቀና ብሏል፤ የሽፋኑ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ አለው፤ የክንፉ ጫፍም እንደ ሹካ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ተከፍሏል። ዓይን የሚያየው ይህ ለውጥ ዓይን የማያየውን ሌላ ለውጥ አስከተለ። የሞተሩ ቦታ በመለወጡ በአንዳንድ ሁኔታ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ከሚገባው በላይ ቀና የማድረግ ጠባይ አመጣ። ይህን ለማረም ቦይንግ «ኤምካስ» የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት አስገባ። ኤምካስ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል ብሎ ሲያምን በራሱ ፈቃድ ወደ ታች ይደፋዋል።

ኤምካስ ይህን የሚያውቀው በምን ነበር? ከአብራሪዎቹ መስኮት በታች፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ መጠኗ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ አንዳንድ ክንፍ መሰል ነገር አለች። ከነፋሱ ጋር እየዞረች አውሮፕላኑ አየሩን በምን ማዕዘን እየቀዘፈ እንደሆነ ትለካለች። ባለሙያዎች «አንግል ኦፍ አታክ» መለኪያ ይሏታል። አውሮፕላኑ ሁለት መለኪያ እያለው ኤምካስ በአንድ በረራ የሚሰማው አንዷን ብቻ ነበር። ያቺ አንዷ ከዋሸች፣ «ተሳስተሻል» የሚላት ሁለተኛ ምስክር አልነበረም።

በኦክቶበር 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው አለቀ። በማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የመጀመሪያው የምርመራ ዘገባ እንዳሳየው፣ አውሮፕላኑ እንደተነሣ የቀኙ መለኪያ 15 ዲግሪ ያህል ሲያሳይ የግራው ወደ 75 ዲግሪ አሻቀበ። መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን በ75 ዲግሪ ወደ ሰማይ እንደማይቀዝፍ ማንም ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን የግራዋን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ደፋው፤ አብራሪዎቹ ሊያቃኑት ቢታገሉም አልቻሉም።

መለኪያዋ ለምን ተሳሳተች በሚለው ላይ መርማሪዎች እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። የኢትዮጵያ መርማሪ ቢሮ በዲሴምበር 2022 ባወጣው የመጨረሻ ዘገባ ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ጉድለት ነው ሲል፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ቢሮዎች ግን መለኪያዋ ከውጪ በመጣ ነገር፣ ምናልባትም በወፍ፣ ተመትታ መሰበሯን ማስረጃው ያሳያል ብለው ተከራክረዋል። በአንድ ነገር ላይ ግን ክርክር የለም። አንዲት ትንሽ ክንፍ ብትሰበር ወይም ብትበላሽ 157 ሰው ሊያልቅ አይገባም ነበር። ማክስ ከበረራ ታግዶ ከቆየ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በኖቬምበር 2020 ሲፈቅድለት ዋናው ለውጥ ይኸው ነበር፤ ኤምካስ አሁን ሁለቱንም መለኪያዎች ያስተያያል፤ ካልተስማሙም ዝም ይላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ማክስን በፌብሩዋሪ 2022 ወደ ሥራ መልሷል። ለዚህ ማስተካከያ የተከፈለው ዋጋ የሁለቱ አደጋዎች 346 ሰው ነው።

ቀዳዳና ቱቦ

ከነዚያች መለኪያዎች ጎን ሌሎች ትንንሽ ነገሮችም አሉ። ወደ ፊት የሚያይ ቀጭን ቱቦ ፒቶ ይባላል፤ የሚገባውን አየር እየለካ ፍጥነትን ይናገራል። በገላው ላይ ቀለም ያልተቀባ ክብ ሳህን መሳይ ቦታ፣ መካከሉ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተበሳ፣ «ስታቲክ» ይባላል፤ የውጪውን የአየር ግፊት እየለካ ከፍታን ያሳውቃል። ከእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ውጪ አብራሪው በሌሊትና በደመና ውስጥ ፍጥነቱንና ከፍታውን በትክክል የሚያውቅበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል።

በ1996 ይህ በሁለት አደጋ ታየ። በፌብሩዋሪ 6 የቱርክ ቢርገንኤር ኩባንያ 757 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተነሥቶ ወደቀ፤ 189 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ለብዙ ቀናት ሲቆም ቱቦው ስላልተሸፈነ ተርብ ጎጆ ሠርታበት ሳይደፈን እንዳልቀረ ይታመናል። በኦክቶበር 2 ደግሞ የኤሮፔሩ 757 ከሊማ ተነሣ። ሲታጠብ ውሃ እንዳይገባበት በቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሣ ቀርቷል። አብራሪዎቹ በጨለማ ውስጥ ከፍታቸውን ማወቅ ተስኗቸው ባሕር ውስጥ ገቡ፤ 70 ሰው አለቀ። ከመብረራቸው በፊት አውሮፕላኑን ዞሮ ያየው ሁሉ ብር መሳዩን ፕላስተር ከብር መሳዩ ገላ ሊለይ አልቻለም። አብራሪ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት በእግሩ አውሮፕላኑን ዞሮ የሚያየው ለዚህ ነው። በመስኮት በኩል አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ አብራሪ አንገቱን ቀና አድርጎ ሞተር ውስጥ ሲመለከት የሚያይ መንገደኛ «ምን ተበላሸ?» ብሎ መጨነቅ የለበትም። የሚያስጨንቀው እንዲህ ያለ ሰው ሳይታይ ሲቀር ነው።

ያዩና ዝም ያሉ

እስካሁን የተነገረው ስለ ባለሙያና ስለ አፍቃሪ ነው። ተራው መንገደኛስ? በዚህ በኩል 1989 ሁለት መራራ ትምህርት ጥሎ አልፏል።

በጃንዋሪ 8 ከሂትሮው ወደ ቤልፋስት የተነሣ የብሪቲሽ ሚድላንድ 737 የግራ ሞተሩ ተሰበረ። አብራሪዎቹ ግን ተሳስተው ደህናውን የቀኝ ሞተር አጠፉ። ዋናው አብራሪ በድምፅ ማጉያ የቀኙ ሞተር ችግር እንዳጋጠመው ለመንገደኞች ተናገረ። በግራ በኩል የተቀመጡት መንገደኞች እሳቱን በዓይናቸው አይተዋል፤ ከአስተናጋጆቹም ያዩ ነበሩ። ሁሉም ተደነቁ፤ «አብራሪው ያውቃል» ብለው ዝም አሉ። አውሮፕላኑ ኬግዎርዝ መንደር አጠገብ ወድቆ ከ126 ሰው 47ቱ ሞቱ።

በማርች 10 ደግሞ በካናዳ ድራይደን ከተማ የኤር ኦንታሪዮ ፎከር 28 በክንፉ ላይ በረዶ ተጋግሮ ለመነሣት ተንደረደረ። በመንገደኝነት የተሳፈሩ ሁለት የሌላ በረራ አብራሪዎች በረዶውን አይተዋል፤ አስተናጋጇም አይታለች። ማንም ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ሄዶ አልተናገረም። ከ69 ሰው 24ቱ አለቁ። ከዚህ በኋላ የአየር መንገዶች ሥልጠና ተለወጠ፤ ያየ ሰው ማዕረጉ ምንም ይሁን እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲሰማ ማስተማር ግዴታ ሆነ።

ይህ ነገር ለሐበሻ መንገደኛ በተለይ ሊነገር ይገባዋል። ይሉኝታ በአገራችን ሰው ዘንድ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። የተማረውን፣ ዩኒፎርም የለበሰውን፣ ታላቁን መጠየቅ ነውር ይመስላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረትም ብዙ ጊዜ ከጠብ ያድናል። በአውሮፕላን ውስጥ ግን ዝም ይነቅዛል፤ ነቅዞም ይገድላል። ለዚህ የሚስማማው ሌላው ተረት ነው፤ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»። እዚህ ላይ የሚቀረው ግን ከደጃዝማችነት ይበልጣል።

መንገደኛው ምን ይይ?

ከክንፍ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ነገር ሁሉ አደጋ አድርጎ እንዳይደነግጥ ጥቂት ነጥቦች ማወቅ ይበቃዋል። ክንፉ በንፋስ ሲወዛወዝና ወደ ላይ ሲለጠጥ ትክክለኛ ጠባዩ ነው፤ የማይለጠጥ ክንፍ ነበር የሚሰበረው። ከክንፉ ኋላ የተንጠለጠሉት ቀጫጭን ዘንጎች በገላው ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ አየር ይለቃሉ እንጂ የተበጠሱ ሽቦዎች አይደሉም። በክንፉ ላይ የተለጠፈ ብር መሳይ ፕላስተር ቢታይ፣ በተለይ በድሪምላይነር ላይ፣ ከቤት ዕቃ መደብር የተገዛ አይደለም፤ ቀለም በፀሐይ ጨረር ሲላጥ ለመሸፈን የተፈቀደ ልዩ ቴፕ ነው። ለመነሣትና ለማረፍ ሲቃረብ ከክንፉ ፊትና ኋላ የሚወጡት ሰሌዳዎች የክንፉን ጉልበት ለመጨመር ናቸው።

በአንጻሩ ሊነገሩ የሚገቡ ነገሮች አሉ። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል በክንፉ አናት ላይ በረዶ ተጋግሮ ከታየ፣ ከሞተር እሳት ወይም ጭስ ከወጣ፣ ነዳጅ የመሰለ ፈሳሽ ከክንፉ በብዛት ከፈሰሰ፣ የተፈታ ወይም የሚርገበገብ ሰሌዳ ካለ፣ አስተናጋጅ ጠርቶ በየትኛው ጎንና በስንተኛው መስኮት እንደታየ መንገር ነው። ቋንቋ ቢያስቸግር በጣት መጠቆም ይበቃል። ነገሩ ምንም ሳይሆን ቢቀር ጉዳቱ ትንሽ ሀፍረት ብቻ ነው። አብራሪው ከመቀመጫው የክንፉን አናት አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ያ ቦታ ለመንገደኛው የተሰጠ ነው።

ከአጥር ሥር መነጽር ይዘው ለሚቆሙትም ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። ከመካከላቸው ኋላ መሐንዲስ፣ የበረራ ተቆጣጣሪ፣ አብራሪ የሚሆኑ አሉ። ልጅ «አባባ፣ የዚህ ሞተር ለምን የመጋዝ ጥርስ አለው?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም በል፤ እንግዳ እየጠበቅን ነው» ከማለት፣ ምክንያቱን መንገር፣ ካልታወቀም አብሮ መፈለግ ይሻላል። ነገ የአንዱን አውሮፕላን ክንፍ ዞሮ የሚያየው፣ የተረሳውን ፕላስተር ከገላው ለይቶ የሚያወልቀው እሱ ሊሆን ይችላል።